ዓለምን የዞረ ድምፅ
የፊዮዶር ሻሊያፒን የሕይወት ታሪክ (1873-1938)

በዚህ ዓምድ የታወቁ ሰዎችን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ልማዳችን ነው። ለዛሬ የመረጥነው አንድ ሩሲያዊ ድምፃዊ ነው። ለምን ዘፋኝ ተመረጠ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንድ ወላጆች፣ ልጆቹ ሂሳብና እንግሊዝኛ ሳይጠነቅቁ የመዝሙር ክፍለ ጊዜ ምን ያደርግላቸዋል እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞያሌን ተሻግሮ ሶሎሎ ላይ ለሰፈረ፣ የነገውን ለማያውቅ ሰው፣ ዘፈን የጥጋበኛ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ይህ ሰው ግን ከጥጋብ አልመጣም። ከድሃ ቤት ተነሥቶ በድምፁ ዓለምን ዞረ። በመጨረሻም ከሀገሩ ውጭ ኖሮ ከሀገሩ ውጭ ሞተ። ሀገሩ የሰጠችውን ማዕረግ የተነጠቀውም ለስደተኛ ልጆች እጁን በመዘርጋቱ ነው። ስለዚህ ታሪኩ እኛንም ይመለከተናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ

ፊዮዶር ኢቫኖቪች ሻሊያፒን የካቲት 1873 ዓ.ም. በካዛን ከተማ ተወለደ። ካዛን ከሞስኮ በስተምሥራቅ በታላቁ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ወላጆቹ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። አባቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ተራ ጸሐፊ ሆኖ በትንሽ ደመወዝ ይሠራ ነበር። መጠጥ ይወድ ስለነበር ደመወዙ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲሰክርም ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበችና ያገኘችውን ሥራ እየሠራች ልጆቿን ታበላ ነበር።

ልጁ ትምህርት ቤት ቢገባም ትምህርቱ እየተቋረጠ ከጥቂት ዓመታት አላለፈም። አባቱ ሙያ ይማር ብሎ መጀመሪያ ለጫማ ሰፊ፣ ቀጥሎም ለቶርኖ ሠራተኛ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚገለብጥ ጸሐፊ ሆነ። በቮልጋ ወደብ ሸክም የተሸከመበትም ጊዜ አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር አልተለየውም። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር መዘመር ጀመረ። እዚያ የዜማ ምልክት ማንበብ ተማረ፤ ጥቂት ሳንቲምም ያገኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቴያትር ቤት ገብቶ ጨዋታ አየ። ከዚያን ቀን በኋላ ልቡ ከመድረክ አልተመለሰም። አባቱ ግን ቴያትርን ሥራ ለፈቶች የሚውሉበት ቦታ አድርጎ ያየው ነበር።

ነጻ ያስተማረው መምህር

በ1890 የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለ ኡፋ በምትባል ከተማ ከአንድ ተዘዋዋሪ የኦፔራ ቡድን ጋር በጋራ ዘማሪነት ተቀጠረ። አንድ ተዋናይ ሲጎድል እርሱ ተተክቶ የመጀመሪያውን የብቻ ክፍል ዘፈነ። ቡድኑ ሲበተን ከሌላ ቡድን ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በመጨረሻ በካውካሰስ ተራሮች ማዶ ትብሊሲ ከተማ ሲደርስ ሥራም ገንዘብም አልነበረውም። ቀናት ሳይበላ ያልፉ ነበር። ሕይወቱን እስከ መጥላት ደረሰ። እንደ ምንም ብሎ በባቡር መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ገባ።

በዚህ ጊዜ ድሚትሪ ኡሳቶቭ የሚባል ሰው ቤት ሄዶ በር አንኳኳ። ኡሳቶቭ በሞስኮው ቦልሾይ ቴያትር ይዘፍን የነበረ ሲሆን በዚያን ጊዜ በትብሊሲ የድምፅ መምህር ነበር። የወጣቱን ድምፅ ከሰማ በኋላ ያለ ክፍያ ሊያስተምረው ተስማማ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከአንድ የመድኃኒት ነጋዴ በየወሩ አሥር ሩብል እንዲሰጠው አደረገ። ንጹሕ ልብስ ሰጠው፤ ከቤተሰቡ ጋር በማዕድ አስቀመጠው፤ ሹካና ቢላዋ እንዴት እንደሚያዝ ሳይቀር አሳየው። ሻሊያፒን ከዚህ ሌላ ሌላ የድምፅ መምህር አልነበረውም ማለት ይቻላል። የተማረውም አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1893 በትብሊሲ ኦፔራ ቤት በሙሉ ተዋናይነት ተቀጠረ።

ኦፔራ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ለማታውቁት ጥቂት እንግለጽ። ኦፔራ ንግግሩ በዜማ የሚቀርብበት ቴያትር ነው። ተዋናዩ በኦርኬስትራ ታጅቦ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በኋላኛው ወንበር ለተቀመጠው ሰው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጎ ይዘፍናል። የወንዶች ድምፅ ቀጭኑ ቴነር፣ መካከለኛው ባሪቶን፣ ወፍራሙ ደግሞ ባስ ይባላል። ቴነሩ አብዛኛውን ጊዜ ፍቅረኛውንና ጀግናውን ሆኖ ይጫወታል። ባሱ ንጉሡን፣ መነኩሴውን፣ ሽማግሌውን ወይም ሰይጣኑን ይሆናል። የሻሊያፒን ድምፅ ባስ ነበር።

ከእርሱ በፊት ብዙዎቹ የኦፔራ ሰዎች ድምፃቸው ካማረ ስለ ትወናው እምብዛም አይጨነቁም ነበር። ሻሊያፒን ይህን ለወጠ። ማንን ሆኖ እንደሚጫወት ሳያጠና መድረክ አይወጣም። በ1896 ሳቫ ማሞንቶቭ የሚባል ሀብታም ባቋቋመው የግል ኦፔራ ገባ። በዚያ ሠዓሊዎች፣ ደራስያንና ሙዚቀኞች አብረው ይሠሩ ነበር። ከሠዓሊዎቹ ፊቱን በቀለም መለወጥንና አለባበስን ተማረ። ወጣቱ የሙዚቃ ሊቅ ሰርጌይ ራህማኒኖቭ ደግሞ የሙዚቃ ንባብ አስተማረው። ራህማኒኖቭ በዕድሜ የአንድ ወር ተኩል ያህል ታናሹ ነበር፤ ሻሊያፒን ግን ከእርሱ መማርን አላፈረበትም።

ስሙ ከምንም በላይ የተያያዘው «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ከሚባለው ኦፔራ ጋር ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ሙሶርግስኪ ሲሆን ታሪኩን የወሰደው ከፑሽኪን ተውኔት ነው። ፑሽኪን የእናቱ አያት ከአፍሪካ የተወሰደ ልጅ እንደነበረ ታሪክ ይናገራል። ስለ ትውልድ ቦታው ሊቃውንት ባይስማሙም ብዙ ኢትዮጵያውያን የእኛ ነው እንላለን። የኦፔራው ቦሪስ ዙፋን ላይ ለመውጣት ሕፃን አስገድሏል የሚባል ንጉሥ ነው። ሥልጣኑ በእጁ ሆኖ ሳለ ኅሊናው እረፍት ይነሣዋል። ሻሊያፒን ይህን ንጉሥ ለመሆን በ1898 የበጋ ወራት ታዋቂውን የታሪክ ሊቅ ክሉቼቭስኪን አግኝቶ ስለ ዘመኑ ጠየቀው። ራህማኒኖቭም ዜማውን አስጠናው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መድረክ ሲወጣ ሕዝቡ ያየው አንድ የተጨነቀ ንጉሥ ሲሞት ነበር።

ወደ ውጭ ሀገር

በ1901 ሻሊያፒን በኢጣሊያ ሚላኖ በሚገኘው ላ ስካላ ቴያትር እንዲዘፍን ተጠራ። ላ ስካላ ከዓለም የኦፔራ ቤቶች ሁሉ የተከበረ ነው። ሩሲያዊ ለኢጣሊያ በኢጣሊያንኛ ሊዘፍን መሄዱ ለብዙዎች የማይታሰብ ነበር። በቦይቶ «ሜፊስቶፈሌ» ኦፔራ ሰይጣኑን ሆኖ እንዲጫወት ነው የተጠራው። ቴነሩ ኤንሪኮ ካሩዞ፣ ኦርኬስትራውን የሚመራው ደግሞ አርቱሮ ቶስካኒኒ ነበር።

በዚያን ዘመን በኢጣሊያ ገንዘብ እየተቀበሉ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ነበሩ። ያልከፈላቸውን ዘፋኝ ደግሞ በፉጨት ያዋርዱታል። ወደ ሻሊያፒን ሰው ልከው ገንዘብ ጠየቁት። እርሱ ጭብጨባ ገዝቶ እንደማያውቅ ነግሮ መለሳቸው። ሌሊቱ ሲደርስ ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ክፍል በጭብጨባ ቤቱን አናወጠው። የተከፈላቸውም ያልተከፈላቸውም አብረው አጨበጨቡ።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አልቀናውም። በ1907 ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሲዘፍን ጋዜጦቹ ትወናውን ብልግና ነው ብለው ነቀፉት። ተቆጥቶ ሄደ፤ ለአሥራ ሦስት ዓመታትም አልተመለሰም። በሚቀጥለው ዓመት በ1908 ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የተባለው አዘጋጅ ቡድኑን ይዞ ወደ ፓሪስ ወሰደው። በፓሪስ ታላቅ ኦፔራ ቤት ቦሪስ ጎዱኖቭ በሩሲያ ቋንቋ ቀረበ። ተመልካቹ ቋንቋውን ባይሰማም ንጉሡ በፍርሃት ባዶውን ቦታ ሲያፈጥበት ከወንበሩ እየተነሣ ያይ ነበር ይባላል። በ1910 የፈረንሳዩ ሊቅ ማስኔ «ዶን ኪሾት» የተባለውን ኦፔራ ለእርሱ ድምፅ ብሎ ደረሰለት። በ1913 ደግሞ ሎንዶን አጨበጨበለት።

ድምፁ በሸክላም ይሄድ ነበር። ከ1901 ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ብዙ ሸክላዎች አስቀርጿል። የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በዚያው ዘመን፣ በ1908 ገደማ፣ ጀርመን ሀገር ሄደው የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ማስቀረጻቸውን ወላጆች ታስታውሱ ይሆናል። የሰው ድምፅ ባለቤቱን ቀድሞ ድንበር መሻገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በሁለት እሳት መካከል

ሻሊያፒን መልአክ አልነበረም። ቶሎ ይቆጣል፤ ከኦርኬስትራ መሪዎች ጋር በሕዝብ ፊት ይጣላል። ለሥራውም ከፍተኛ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። በ1911 በፒተርስበርግ አንድ ትርኢት ሲያልቅ የጋራ ዘማሪዎቹ ለንጉሡ አቤቱታ ለማቅረብ መድረክ ላይ ተንበረከኩ። መድረኩ ላይ የነበረው ሻሊያፒንም አብሮ ተንበረከከ። የንጉሥ ተቃዋሚ የሆኑት ወዳጆቹ ከድተኸናል ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ከእነዚህ ወዳጆቹ አንዱ የ«እናት» ደራሲ ማክሲም ጎርኪ ነበር። በኋላ ታርቀው በ1916 ሻሊያፒን የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ ጎርኪ አስጽፎለታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በራሱ ገንዘብ ለቆሰሉ ወታደሮች ሁለት ሆስፒታሎች አቋቋመ። በ1917 አብዮቱ ሲፈነዳ ሀገሩን ጥሎ አልሄደም። አዲሱ መንግሥት በ1918 የሪፐብሊኩ የሕዝብ አርቲስት የሚል ማዕረግ ሲፈጥር የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ ሆነ። ነገር ግን የርስ በርስ ጦርነቱና ረሃቡ ጸና። ታላቁ ዘፋኝ ለአንድ ምሽት ዘፈኑ ዱቄት የሚከፈለው ጊዜ መጣ። ቤቱ ይፈተሽ፣ ንብረቱ ይወሰድ ጀመር። በ1922 የበጋ ወራት የውጭ ሀገር ጉዞ ፈቃድ አግኝቶ በመርከብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ሀገሩ አልተመለሰም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በኋላ ተከተሉት። የበኩር ሴት ልጁ ኢሪና ግን ከእናቷ ጋር ሞስኮ ቀረች። ቤተሰብ በድንበር መከፈሉ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ወደ ኒውዮርክ የተመለሰው ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ በ1921 ነበር። በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቦሪስን ሲጫወት ሌሎቹ ሁሉ በኢጣሊያንኛ ይዘፍኑ ነበር፤ እርሱ ብቻ በሩሲያ ቋንቋ መለሰላቸው። ቀድሞ የነቀፈችው ከተማ በዚህ ጊዜ አከበረችው። እስከ 1929 ድረስም እየተመላለሰ ዘፈነባት።

አምስት ሺህ ፍራንክ

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ቦታ ደርሰናል። ከአብዮቱ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሩሲያውያን ተሰደዱ። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1922 ናንሰን በሚባል ኖርዌያዊ አሳሳቢነት ለእነዚህ ሰዎች የስደተኛ ፓስፖርት መስጠት ጀመረ። ዛሬ በዓለም ለስደተኞች የሚሰጠው ወረቀት መነሻው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ሀገራችንም ስደተኛ ተቀባይ ነበረች። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ እንዲሆኑ አድርገዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር የደረሱት ናቸው።

ሩሲያውያኑ ስደተኞች በብዛት የሰፈሩት በፓሪስ ነው። ትናንት መኮንን የነበረው ታክሲ ነጂ፣ ወይዘሮዋ ልብስ ሰፊ ሆኑ። ሻሊያፒን ግን ሀብታም ነበር፤ ጥሩ ቤትም ነበረው። አንድ ቀን ፓሪስ በሚገኘው የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቡትቶ የለበሱ የሀገሩን ሴቶችና ልጆች አየ። ልቡ ተነካና ለችግረኞቹ ልጆች እንዲሆን አምስት ሺህ ፍራንክ ለቄሱ ሰጠ። ቄሱም ምስጋናቸውን በስደተኞች ጋዜጣ አሳተሙ።

ወሬው ሞስኮ ደረሰ። ገንዘቡ ለጠላት ተሰጠ፣ ሻሊያፒን የመንግሥት ተቃዋሚዎችን ረዳ የሚል ክስ ተነሣ። በነሐሴ 1927 መንግሥት የሕዝብ አርቲስትነት ማዕረጉን ገፈፈው፤ ወደ ሀገሩ የመመለስ መብቱንም ነሣው። እርሱ በበኩሉ ገንዘቡ ለልጆች እንጂ ለፖለቲካ አለመሰጠቱን አስረዳ። የሚሰማው አላገኘም። ማን ወገን ነው፣ ማን ጠላት ነው በሚባልበት ጊዜ የሕፃን ዳቦም በወገን ይቆጠራል። እኛም በየሀገራችን ይህን አይተናል።

ገንዘቡን በመስጠቱ ግን አልተጸጸተም። ምናልባት የካዛኑን ጠባብ ቤት፣ ምናልባትም የኡሳቶቭን ማዕድ አስታውሶ ይሆናል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1933 «ዶን ኪሾት» በተባለ ፊልም ሠራ። ፊልሙ በሦስት ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል። በ1935 እና በ1936 ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጉዞ በማንቹሪያ፣ በቻይናና በጃፓን ዘፈነ። በማንቹሪያና በቻይና ከተሞች ብዙ ሩሲያውያን ስደተኞች ስለነበሩ የሀገራቸውን ዜማ በእርሱ ድምፅ ሰሙ። ጃፓን ሳለ ጥርሱን አሞት ነበርና የቶኪዮ ኢምፔሪያል ሆቴል ወጥ ቤት ሥጋውን በሽንኩርት አለስልሶ ሠራለት። ያ ምግብ በጃፓን እስከ ዛሬ በሻሊያፒን ስም ይጠራል።

ከዚህ ጉዞ በኋላ ጤናው ተጓደለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1938 በስድሳ አምስት ዓመቱ በደም ካንሰር ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በዚያው ተቀበረ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት 1984፣ ዐፅሙ ወደ ሞስኮ ተወስዶ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረ። የተነጠቀው ማዕረግ ደግሞ በ1991 ተመለሰለት። በተወለደባት በካዛንም በ1999 ሐውልት ቆመለት። በሕይወት ሳለ የተዘጋበት በር ከሞተ በኋላ ተከፈተ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ወላጆች ወደ ጠየቃችሁን ጥያቄ እንመለስ። ልጆቻችሁ ሁሉ ሻሊያፒን ይሆናሉ አንልም። የመዝሙር ክፍለ ጊዜም ሂሳብን አይተካም። ነገር ግን ይህን ሰው ያወጣው ጫማ ሰፊው፣ ቶርኖ ቤቱ ወይም የጽሕፈት ሥራው አልነበረም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከመዘምራን ጋር የቆመበት ጊዜና አንድ መምህር በነጻ የሰጠው አንድ ዓመት ነው። ከሀገሩ ሲወጣ ቤቱን፣ ዕቃውንና ማዕረጉን ትቶ ወጣ። ድምፁንና ቋንቋውን ግን የነጠቀው የለም። እኛም ድንበሩን ስንሻገር ብዙ ነገር ጥለን መጥተናል። አማርኛችንንና ዜማችንን ግን ማንም ኬላ ላይ አልፈተሸውም።

እናንት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኡሳቶቭ የከፈለው ነገር የተመለሰው ለኡሳቶቭ አይደለም፤ ፓሪስ ውስጥ ስማቸውን ለማናውቃቸው ልጆች ነው። ከእናንተ መካከል ማንበብ የቻለ ያልቻለውን ታናሹን ቢያስተምር ይህንኑ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ለመወያያ

1. ሻሊያፒን ድምፁን ከማን ከማን ተማረ? ከዕድሜ ታናሹ መማሩ ምን ያሳያል?
2. በሚላኖ ለአጨብጫቢዎች ገንዘብ አልሰጥም ማለቱ ምን ሊያስከትልበት ይችል ነበር?
3. ለስደተኛ ልጆች ገንዘብ በመስጠቱ ማዕረጉን ተነጠቀ። ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ መስጠት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩና በደብተራችሁ ጻፉ።